ተረቡን ሰምቻለሁ፤ መልሱን ስማ

«ስልክ ነው ወይስ የበር መወርወሪያ?» አልከኝ። ሳቁም ደመቀልህ። ተረብ ያለ መልስ አያምርምና እስቲ ሚዛን አምጣ። የሳቅህበት ጂ1 158 ግራም ነው። አንተ ኪስ ውስጥ ያለው አይፎን 14 ፕሮ ማክስ 240 ግራም ነው፤ እሱም ሽፋኑ ሳይቆጠር። የወፍራም ስም የወጣለት የእኔው፣ ሱሪ የሚጎትተው የአንተው!

«ክብደቱን ተወውና ውፍረቱን ንገረኝ» ካልክም እነግርሃለሁ። 17 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የምደብቀው ነገር የለም። ሁለት ፎቅ ያለው ስልክ ባለ አንድ ፎቅ ሊመስል አይችልም። ላይኛው ስክሪን ነው፤ ታችኛው አምስት ረድፍ የፊደልና የቁጥር ቁልፍ ነው። ስክሪኑን በአውራ ጣትህ ገፋ ስታደርገው ቅስት እየሠራ ይወጣና «ቀጭ» ብሎ ይቆማል። ጂ1 የያዘ ሰው ሁሉ ያቺን «ቀጭ» ያውቃታል። የሚጽፈው ሳይኖረው ሲከፍትና ሲዘጋ የዋለ ብዙ ነው። አንተስ ያለ ሥራ ስትቀር ጣትህ ምን ያደርጋል? የማታውቃቸውን ሰዎች ሠርግ ቪዲዮ ወደ ላይ እየገፋ ይውላል። የእኔ ጣት ቢያንስ ሲሰለቸው ይዘጋል።

ዘግይታችሁ ለደረሳችሁ ልንገራችሁ። ጂ1 የምለው በታይዋኑ ኤችቲሲ ተሠርቶ፣ አሜሪካ ውስጥ በቲ-ሞባይል በኩል የተሸጠ፣ በዓለም ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ነው። ኒው ዮርክ ላይ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2008 ነበር። ሽያጩ የተጀመረው ኦክቶበር 22፣ በእኛ ጥቅምት 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። የሁለት ዓመት ውል ለፈረመ ሰው ዋጋው 179 ዶላር ነበር። በማስተዋወቂያው ዕለት ከጉግል መሥራቾች አንዱ የሆነው ሰርጌይ ብሪን ራሱ ስለ ጻፈው ፕሮግራም ተናገረ፦ ስልኩን ወደ ላይ ወርውረህ እስክትቀልበው ድረስ አየር ላይ የቆየበትን ጊዜ የሚለካ ፕሮግራም። የአንተ ስልክ ከሶፋ ላይ ሲንሸራተት ነፍስህ አብራው ትወርዳለች። የእኔ ስልክ በተወለደበት ቀን ሊወረወር ታስቦለት ነበር።

«አገጫም!» ብለህ የሰደብከውን ግን ግማሹን እቀበላለሁ። የስክሪኑ ግርጌ፣ አምስት ቁልፎችና የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ የተቀመጡበት ክፍል፣ ወጣ ብሎ ወደ ተጠቃሚው ቀና ያለ ነው። ስልኩ ተከፍቶ ሲጋደም ያ አገጭ በቀኝ በኩል ይቀርና ቀኝ አውራ ጣት እሱን ተሻግሮ ነው ፊደሉ ጋ የሚደርሰው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስቆጣል። ቁልፎቹም ዝቅ ያሉ፣ ከመደባቸው እምብዛም ያልተነሡ ናቸው። ብላክቤሪ ቦልድ የለመደ ሰው ጂ1ን ሲሞክር ፊቱን ያጨማድድ የነበረው በምክንያት ነው። የቦልድ ቁልፍ አንድ ጎኑ ሾጠጥ ተደርጎ የተቀረጸ ስለሆነ ጣት ሳያይ ከጎረቤቱ ይለየዋል። ካናዳዊው የብላክቤሪ ኩባንያ ከ1999 ጀምሮ ለአውራ ጣት ሲጨነቅ የኖረ ነው፤ ኤችቲሲ ያን ያህል አልተጨነቀም። ይህን እኔው እነግርሃለሁ እንጂ አንተ አታውቀውም፤ ቁልፍ ነክተህ የማታውቅ ስለ ቁልፍ ጥራት ከየት አምጥተህ ትፈርዳለህ?

ሲጨንቅህ ስቲቭ ጆብስን ትጠራለህ። እንጥራው። ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ቆሞ አራት ባለ ቁልፍ ስልኮች አሳየ፦ ሞቶሮላ ኪው፣ ብላክቤሪ፣ ፓልም ትሪዮ፣ ኖኪያ ኢ62። ጥፋታቸው ከወገብ በታች ነው አለ፤ ቁልፎቹ ተጠቃሚው ቢፈልጋቸውም ባይፈልጋቸውም እዚያው ተተክለው ይኖራሉ። እውነቱን ነው። ስለ እነዚያ አራቱ። ጂ1 ከሃያ ወር በኋላ መልሱን ይዞ መጣ፤ ስትፈልግ ታወጣዋለህ፣ ሳትፈልግ ታስገባዋለህ። ጥያቄው ተመልሶ ካለቀ በኋላ አንተ እስከ ዛሬ ጥያቄውን ብቻ እየደገምክ ትፎክርብኛለህ።

ደግሞ በዚያው በ2007 የያኔው የማይክሮሶፍት አለቃ ስቲቭ ባልመር አይፎን ቁልፍ ስለሌለው ለሥራ ሰው አይሆንም ብሎ ካሜራ ፊት ስቋል። እሱን ከጠቀስክብኝ አልከራከርህም። ያ ሳቅ ምን እንዳስከፈለ ዓለም አይቷል። እንግዲያው አንተም በሰው ስልክ ስትስቅ ቆጠብ አድርግ።

«የቢሮ ሰው መጫወቻ» ያልከው ደግሞ ተመዝግቦልሃል። ባራክ ኦባማ በ2009 ዋይት ሀውስ ሲገቡ የጥበቃ ሰዎች ብላክቤሪያቸውን ሊያስጥሏቸው ፈልገው ነበር፤ እሳቸው እምቢ ብለው ይዘውት ገቡ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንግሥት በ2010 የብላክቤሪን የመልእክት አገልግሎት ከኦክቶበር 11 ጀምሮ እዘጋለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ቀኑ ሲቃረብ ተስማምተው ተወው። መንግሥት የሚፈራው መጫወቻ አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ትልቁ ክስ ልምጣ። «ስክሪኑ ላይ መጻፍ እንኳ አይችልም ነበር!» እውነት ነው። ጂ1 ሲወጣ ስክሪን ላይ የሚመጣ ኪቦርድ ጭራሽ አልነበረውም። አንዲት ቃል ለመፈለግ፣ አንድ የይለፍ ቃል ለማስገባት፣ «እሺ» ብሎ ለመመለስ ስልኩን አጋድሞ መክፈት ግድ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ በአንድ እጅህ ብረቱን ይዘህ በሌላው ብቻ መመለስ ብትፈልግ አይሆንልህም። ይህ ችግር ነበር፤ ተጠቃሚው ሁሉ ጮኸበት፤ በ2009 የጸደይ ወራት በወጣው አንድሮይድ 1.5 መፍትሔ አገኘ። አንተ ግን ከዚህ የምታወጣው ትርጉም ተገልብጦብሃል። ስክሪን ላይ መጻፊያ ባልነበረባቸው በእነዚያ ወራት ስልኩን የተሸከመው ማን ነበር? ቁልፉ። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ሰው የመጀመሪያ ፍለጋውን፣ የመጀመሪያ ደብዳቤውን፣ የመጀመሪያ ስድቡንም የጻፈው በእነዚያ ዝቅ ባሉ ቁልፎች ነው። ዛሬ በቢሊዮን የሚቆጠር ሰው የያዘው አንድሮይድ ወደ ዓለም የገባው በቁልፍ በር ነው፤ አንተ የጨዋታው መሃል ላይ ገብተህ በሩ አያስፈልግም ትለኛለህ።

ነገሩ በአጋጣሚ የመጣም አይደለም። አንድሮይድን ከመሠረቱት አንዱ አንዲ ሩቢን ቀድሞ ዴንጀር የሚባል ኩባንያ መሥራች ነበር። እዚያ የሠሩት ሳይድኪክ በ2002 ወጥቶ በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ ገነነ፤ ስክሪኑ ዞር ብሎ ይነሣና ሥሩ ሙሉ ኪቦርድ ይታያል። ጉግል አንድሮይድን በ2005 ከገዛ በኋላም መጀመሪያ ያዘጋጁት የሙከራ ስልክ ብላክቤሪ የሚመስል፣ ቁልፍ ብቻ ያለው ነበር። ቁልፉ የቤቱ ልጅ ነው ማለቴ ነው፤ መስታወቱ ነው በኋላ የመጣው።

ስለ ስህተቱም አንሥተሃል፤ ይህን ስታነሣ ደስ አለኝ፤ የምወደው ታሪክ ነው። ኖቬምበር 2008፣ ስልኩ ገበያ ከወጣ ገና ወር ሳይሞላው፣ አንድ ባለ ጂ1 ስልኩን አጥፍቶ ያበራል። ፍቅረኛው ለምን ዝም አልክ ብላዋለች። አጥፍቼ እያበራሁ ነበር ሊላት ፈልጎ በእንግሊዝኛ «ሪቡት» የምትለዋን ቃል ብቻ ጻፈና መላኪያውን ነካ። ስልኩ ወዲያው ጠፍቶ እንደገና በራ። ሌሎችም ሞከሩት፤ የሁሉም ጠፋ፣ የሁሉም በራ። ምክንያቱ ሲፈተሽ፣ ስልኩ ከተነሣ ጀምሮ በቁልፉ የምትጽፈው ሁሉ ለምትጽፍበት አፕ ብቻ ሳይሆን፣ ከኋላ ተደብቆ ለሚሠራ የትእዛዝ መቀበያም ይደርስ ነበር። ያ መቀበያ ደግሞ በስልኩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ነው። ለወዳጅህ የምትጽፈውን ደብዳቤ ስልኩ እንደ ትእዛዝ እያነበበው ነበር ማለት ነው።

«በሽተኛ ስልክ!» ትላለህ። አዎ፣ ከባድ የጥበቃ ክፍተት ነበር፤ ያሳለፈው እጅ ሊያፍርበት ይገባል፤ ማሻሻያውም በፍጥነት ተላከ። ግን ከዚያ በፊት ተጠቃሚዎቹ ያደረጉትን ስማ። በዚያችው ቀዳዳ «ቴልኔትዲ» የሚል ሌላ ትእዛዝ ጻፉ፤ ከኮምፒውተር ወደ ስልኩ ውስጥ የሚያስገባ በር ይከፍታል። በገዛ ገንዘባቸው የገዙትን ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ሥልጣን ያዙት። ቀዳዳው ሲደፈን ወደ አሮጌው ሶፍትዌር የሚመለሱበትን መንገድ ዘየዱ። የራሳቸውን አንድሮይድ እያዘጋጁ መጫን ጀመሩ። ከእነዚያ ሥራዎች አንዱን ስቲቭ ኮንዲክ በ2009 ጀመረው፤ ሳያኖጅንሞድ ተባለ። ለጂ1 የተላከው የመጨረሻ ይፋዊ ማሻሻያ አንድሮይድ 1.6 ነበር፤ በዚያው በ2009። ተጠቃሚዎቹ ግን ያንኑ ስልክ በራሳቸው ጥረት እስከ 2.2 አደረሱት። የሳያኖጅንሞድ ወራሽ የሆነው ሊኒየጅኦኤስ ዛሬም አምራቻቸው የተዋቸውን ስልኮች እያስነሣ ነው።

አንተ ስልክህ ማሻሻያ ሲቋረጥበት ምን ታደርጋለህ? አዲስ ትገዛለህ። ባለ ጂ1 ምን አደረገ? ቁልፎቹን አወጣ፣ ጻፈ፣ አሠራው። በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ የምጨቃጨቅህም ለዚህ ነው። ቁልፍ ያለው ስልክ ለባለቤቱ «ጻፍ» ይለዋል። ሲጽፍ የዋለ ሰው ደግሞ የስልኩ እንግዳ ሆኖ አይቀርም።

«ኢርፎን መሰኪያ የለውም» ብለህ ስትስቅ ግን አላፈርክም? የለውም፤ እውነት ነው። ከቻርጀሩ ጋር የሚጋራ ልዩ መሰኪያ ስለነበረው የራስህን ኢርፎን ለመሰካት ተጨማሪ ገመድ መግዛት ነበረብህ። ያኔ የስልኩ ትልቁ ነውር ተባለ። በ2016 አይፎን 7 መሰኪያውን አውጥቶ ሲጥል ግን ሥልጣኔ ተባለ። ያንኑ ነውር ስምንት ዓመት ዘግይተህ በውድ ገዝተህ እኔን ታማኛለህ?

ባትሪው? 1150 ሚሊአምፒር ሰዓት። ለቀኑ ሁሉ አይበቃም ነበር፤ ብዙ ሰው ከሰዓት በኋላ ቻርጀር ፍለጋ ይንከራተት ነበር። ነገር ግን ጀርባው በጥፍር ይከፈታል፤ ሁለተኛ ባትሪ ኪስህ ካለ በአፍታ ትቀይረዋለህ። የአንተ ባትሪ ሲደክም ስልክህን በሙቀት አስከፍተህ፣ ሙጫውን አስልጠህ፣ ሠሪው ፊት ቆመህ ትጸልያለህ። ካሜራው መጀመሪያ ላይ ቪዲዮ አይቀርጽም ነበር፤ ለአፕ የሚሆነውም ቦታ ጠባብ ነበር። በእነዚህ ሁለቱ አሸንፈሃል፤ ውሰድ።

«ተች እኮ ቃሉን ራሱ ይገምትልሃል፤ ለምን ትደክማለህ?» ላልከው ቁጥር ይዤልሃለሁ። በ2019 የፊንላንዱ አልቶ፣ የእንግሊዙ ካምብሪጅና የስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች 37,000 ያህል ሰዎች ስልካቸው ላይ ሲጽፉ ለክተው ነበር። አማካዩ በደቂቃ 36 ቃል ገደማ ሆነ። የተጻፈውን ራሱ የሚያርመው ሶፍትዌር ፍጥነት ጨመረ፤ የተገመቱትን ቃላት እያዩ መምረጥ ግን ጸሐፊውን አዘገየው። ለማንበብና ለመምረጥ የሚጠፋው ጊዜ ከሚተርፈው ይበልጣል። ይህም በእንግሊዝኛ ነው። እስቲ በአማርኛ «እስክትመልሱልን» በልና ግምቱን ጠብቅ። ቋንቋችን ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ ይሸክፋል፤ የእንግሊዝኛ ቃል እየቆጠረ ያደገ ግምት እዚያ ላይ ግራ ይጋባል። ጣቴ ግን የምለውን ያውቃል፤ አፌ የሚያውቀውን ያህል።

ጣት ያውቃል ስልህ ዝም ብዬ አይደለም። ቁልፍ ጠርዝ አለው። ጣት ከጠርዝ ወደ ጠርዝ እየተሻገረ ቦታውን ያጠናል፤ ዓይን ወደ ሰው ፊት፣ ወደ መንገድ፣ ወደ መጽሐፍ ነጻ ይሆናል። መስታወት ጠርዝ የለውም፤ ኀ ከነ በምን ይለያል ብትለው በእይታ ብቻ ይልሃል። ስለዚህ አንተ ስትጽፍ ዓይንህ የስልክህ እስረኛ ነው። በዋሽንግተን ክረምት ደግሞ ጓንት አድርገህ አንድ መልእክት ላክልኝ፤ እጠብቅሃለሁ። የእኔ ቁልፍ ጓንት አይፈራም።

አሁን የመጨረሻውን ሰይፍህን መዘዝክ። «ይሄ የምትመካበት ቁልፍ አንዲት የአማርኛ ፊደል ነበረችበት?»

አልነበረችበትም። ይህችን በቀልድ አላልፋትም።

እኛ ስለ መጻፍ የምንናገር ሰዎች በቀላል መንገድ አልመጣንም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አገር ቤት የስልክ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ፤ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ፣ ሚሊኒየሙን ስንቀበል ነው። ጂ1 ኒው ዮርክ ላይ ሲመረቅ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው ለወንድሙ «ደህና ነህ?» ብሎ በጽሑፍ መላክ ከተፈቀደለት ገና አንድ ዓመቱ ነበር። የሚልከውም በላቲን ፊደል ነው። «ወንድሜ መጣ» እና «ወንድሜ መታ» በዚያ ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፈው ይደርሱ ነበር፤ አንዱ እልልታ ነው፣ ሌላው ክስ። እናት ደውላ እስክትጠይቅ ድረስ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። እንደዚያ ባለ መንገድ ፍቅራችንንም፣ መርዷችንንም፣ ገንዘብ ላክልኝንም ተጻጽፈናል።

እና በዚያ ላይ ማንን ትከሳለህ? ቁልፉን? ጂ1 ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ስትከፍት የሚታይህ ባዶ ሳጥን ነበር፤ ሳጥን ከሳጥን ተከትሎ መስመር ሙሉ። ሳጥኑን የሣለው ቁልፉ አይደለም፤ ስክሪኑ ነው። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የወጣ ስልክ የፊደሉን ቅርጽ አብሮ አልጫነውም ነበር። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ያለች ጸሐፊ በላቲን ቁልፎች ላይ፣ በፓወር ግዕዝ፣ ሙሉ ደብዳቤ በአማርኛ እየጻፈች ታወጣ ነበር። ቁልፉ ያው ቁልፍ ነው። የጎደለው ከኋላው ሆኖ «ይህ ሰውም የራሱ ፊደል አለው» ብሎ የሚያስብ ነበር። መስታወትህ ዛሬ አማርኛ የሚያሳየው መስታወት ስለሆነ ሳይሆን፣ በመጨረሻ ሰው ተቀምጦ ስለሠራለት ነው። ለዚያ ሰው ምስጋናዬ እስከ መሬት ነው፤ እጄን ይዞ ወደ ፊደሌ መልሶኛል። ምስጋናውን ግን ለመስታወቱ አላስተላልፍም።

«ቢበጅ ኖሮ አይሞትም ነበር» ማለትህም አልቀረም። ለምን እንደሞተ ላስረዳህ። ቁልፍ የታተመበት ስልክ ለፈረንሳይ ሌላ፣ ለጀርመን ሌላ፣ ለዓረቡ ሌላ ሆኖ ከፋብሪካ መውጣት አለበት። መስታወት ግን አንዱ ለሁሉም ይሸጣል፤ ፊደሉን ሶፍትዌር ይቀይረዋል። የሚንሸራተተው መታጠፊያ ያልቃል፣ አቧራ ይገባበታል፣ ጥገና ያበዛል። ቪዲዮ የሚያይ ሰው ደግሞ ትልቅ ስክሪን ይፈልጋል፤ ቁልፉ የሚይዘው ቦታ ለስክሪኑ ተሰጠ። ወጪው የአምራቹ ነው፣ ጥቅሙ የጸሐፊው ነው፤ የሚወስነው አምራቹ ነው። ይኸው ነው አሟሟቱ። ጂ1 በአሜሪካ ብቻ እስከ ኤፕሪል 2009 አንድ ሚሊዮን ተሽጧል፤ ማንም ሳይፈልገው የቀረ ስልክ አልነበረም።

ሞቷልም ካልክ ቀብሩን አላየሁም። ብላክቤሪ ኪዋን በ2017፣ ኪ2 በ2018 ወጥተዋል፤ ኪዋን የጣት አሻራ ማንበቢያውን ክፍተት በምንሠራባት ቁልፍ ውስጥ ነበር የደበቀው። በ2024 ደግሞ ክሊክስ የሚባል ሽፋን መሸጥ ተጀመረ፤ አይፎንን ከታች ይይዘውና እውነተኛ ቁልፍ ይገጥምለታል። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ለአይፎን ቁልፍ! ጆብስ ካሳያቸው አራቱ ስልኮች ከወገብ በታች ያለውን ቆርጠው እየመለሱልህ ነው።

እኔ ግን የእንግሊዝኛ ቁልፍ መልሱልኝ ብዬ አልለምንም። የምፈልገውን ልንገርህና የዛሬውን ተረብ በዚህ ላይ አውርድብኝ። የጂ1ን አምስት ረድፍ ውሰድ። በላይኛው ረድፍ ቁጥሮች አሉ፤ ከ1 እስከ 7 ያሉት ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያሉ እስከ ሳብዕ ይሁኑ። ሥሩ ባሉት ረድፎች 26 የላቲን ፊደላት አሉ። የግዕዝ መነሻ ፊደላት ስንት ናቸው? 26። ከሀ እስከ ፐ አንድ በአንድ ይቀመጣሉ።

«ሐመሩን ሐ እና ብዙኃኑን ኀ ልታባርር ነው እንዴ?» ማንም አይባረርም። እሳቱ ሰም፣ ንጉሡ ሠም፣ ጸሎቱ ጸም፣ ፀሐዩ ፀም የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። «አማርኛ የጨመራቸው ሰባቱስ?» ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ኸ ከከ፣ ዠ ከዘ፣ ጀ ከደ፣ ጨ ከጠ ወጥተዋል፤ ሽፍት ተጭነህ ወላጃቸውን ስትነካ ይመጣሉ። «ለአንዲት ፊደል ሁለት ጊዜ ልነካ?» ቁልፉን ብቻ ከነካህ ሳድስ ትሁን፤ ስንጽፍ የምትበዛው እሷ ናትና። ቁጥር የምትጨምረው ለሌሎቹ ብቻ ነው። አንተም መስታወትህ ላይ ፊደሉን ነክተህ ድምፁን ትመርጣለህ፤ ያውም አፍጥጠህ። «ቋስ? ሏስ?» 8 ቁጥር ሥራ ፈትታለች፤ እሷ ትያዛቸው። «አራት ነጥብ?» በነጥቡ ቁልፍ ላይ።

«ቨስ?» በሽፍት ከበ ሥር። ራሷም በ ናት፤ አናቷ ላይ መስመር ጨመረች እንጂ።